ከባሌ ሳህን የተረፈው ሩዝ

ይህ የሆነው ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት ወር፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ነው። ያኔ ትዳር ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አሁን አርጅቻለሁ፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ መነጽሬን ስፈልግ እውላለሁ። ያቺን ረቡዕ ግን አልረሳኋትም። መርዝ አለበት የተባለ ምግብ፣ መርዝ አለበት በሚሉት ሰዎች ፊት፣ በገዛ እጄ ጠርጌ የበላሁባት ቀን ናት፤ እንዴት እረሳታለሁ?

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከህንዱ ምግብ ቤት ነው።

አዎ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የህንድ ምግብ ቤት ነበር። የዛሬ ልጆች ስነግራቸው "እማማ ደግሞ!" እያሉ ይስቁብኛል። ባለቤቱን ሚስተር ራም እንለው ነበር። አስፋልቱ ሲሠራ በመንገድ ሥራው ካምፕ የዕቃ ግምጃ ቤት ይጠብቅ የነበረ ሰው ነው። ካምፑ ሲነሣ ጓደኞቹ ሄዱ፤ እሱ ቆላው ተስማምቶኛል ብሎ ቀረ። ሚስቱን ካምላን ከአገሩ አስመጣና ከእኛ ቤት ጎን፣ በአንድ አጥር ተለይተን፣ ሣር ክዳን ቤት ተከራይቶ ምግብ ቤት ከፈተ። ታዲያ ምን ዓይነት ምግብ ቤት መሰላችሁ? ሥጋ የማይገባበት!

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሣቀ። ሥጋ የሌለው ምግብ ቤት ማን ይገባል ተባለ። ኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እንደምታውቁት ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ በየሆቴሉም ለየብቻችን ነበር የምንቀመጠው። ህንዱ ቤት ግን የሚታረድ የለም። ምስር ክክ፣ ሩዝ፣ ስስ ቂጣ፣ በጨውና በዘይት የተዘፈዘፈ ጥሬ ማንጎ፣ በቃ ይኸው ነው። ረቡዕና ዓርብ ቅቤውን ትታ በዘይት ስለምትሠራ ጿሚውም ይበላል። በዚህ የተነሣ ሐጂ ኑርዬ፣ ከቀወት ማሽላ እያመጡ የሚሸጡት የተከበሩ ሽማግሌ፣ ከባሌ ጋር ባንድ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲበሉ በዐይኔ አየሁ። በከተማችን እንዲህ ያለ ቦታ ሌላ አልነበረም።

ባሌ ታደሰ የካሚዮን ሹፌር ነበር። አሰብ ይወርዳል፣ ጭኖ ይመለሳል። ከመጣ ምሳው ህንዱ ቤት ነው። "ያንቺን ሽሮ ለነገ አሳድሪልኝ" እያለ ያበሽቀኛል። እኔም "ሂድ ቢጫህን ብላ!" እለዋለሁ። ምግቡ ሁሉ በእርድ ቢጫ ነበራ።

ካምላ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። አማርኛዋ በእፍኝ የሚያዝ ቢሆንም እንግባባ ነበር፤ እኔን አስካለን "አስካሊ" ነበር የምትለኝ። መጀመሪያ ቤቷ የገባሁ ቀን በወተት የፈላ ሻይ ቀዳችና ሰጠችኝ። እኔ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። በእኛ ደንብ መጠጥ የምታቀርብ ሴት መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ክፉ ነገር የለበትም ማለት ነው። ከዚያ ነው እንግዳው የሚጠጣው። ካምላ አልቀመሰችም። መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋትና "ቅመሺልኝ እንጂ" አልኳት። ስድብ የሰደብኳት ይመስል ዐይኗ ፈጠጠ።

ራም እየሣቀ አስረዳኝ። በእነሱ ዘንድ አፍ የነካው ነገር ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ትልቅ ነውር ነው። ስታበስል እንኳ ጣቷን ነክራ አትቀምስም። "ታዲያ ጨዉን በምን ታውቂዋለሽ?" ብላት አፍንጫዋን ነካ ነካ አድርጋ አሳየችኝ። ሣቅ በሣቅ ሆንን። ሳትቀምስ ሰጠችኝ፣ ሳትቀምስልኝ ጠጣሁ።

ሌላም ነገር አየሁ። ራም በልቶ ሲነሣ ካምላ የሱን ሳህን ሳታጥብ የራሷን ምግብ እዚያው ላይ ጨምራ ትበላለች። "አፍ የነካው ነውር ነው አላልሽም?" ብዬ ያዝኳት። "ባል ነው" አለችኝ። "ባል፣ ሚስት ብቻ።" የባሏን ትራፊ መብላት የሚስት ወግ ነው፤ ከሚስት በቀር ግን ማንም አይነካውም። የሌላ ወንድ ትራፊ የነካች ሴትማ ጉድ ይባልላታል አሉ። አገር ልዩ ልዩ ነው ብዬ ተውኩት። ይህችን ነገር ግን ያዙልኝ።

ከተማው እንደ እኔ ዝም አላላትም። ካምላ ጠዋት ጠዋት ሰው ከመብላቱ በፊት አንድ ጭብጥ ሩዝ ወስዳ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ለቁራ ታስቀምጣለች። ከሁሉ ወፍ ቁራ! ቁራ ቤት ላይ ከጮኸ መርዶ ነው የሚባልበት አገር ውስጥ እሷ እየጠራች ትቀልበዋለች። "ሥጋ አትበላ፣ ምግቧን አትቀምስ፣ ቁራ ትቀልባለች፣ ግንባሯ ላይ ደም የመሰለ ነጥብ አለ" እያሉ ያንሾካሽኩ ነበር። ደግሞ የሚያንሾካሽኩት በልተው ጠግበው፣ አፋቸውን ጠርገው ሲወጡ ነው!

ከሁሉ የባሰው የታደሰ ጨዋታ ሆነ። መስከረም ሊያልቅ አካባቢ አንድ ጠዋት ከወንዶች ጋር ሲቀልድ ድንጋይ አነሣና ቁራዎቹ ላይ ወረወረ። አገኘዋለሁም አላለ፤ አንዱን አናቱን አገኘው። ካምላ ወጥታ አየች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። የሞተውን ወፍ በጨርቅ አነሣችው፤ ከዚያ ወደ ታደሰ እያየች፣ ቀስ ብላ፣ በአገሯ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች። እንባዋ ይወርዳል። ያን ቀን ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ዋለ።

"ረገመችው" አለ የታደሰ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሰው። ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ፣ ቁጣው አፍንጫው ላይ የሆነ ሰው ነው። "ወንድሜን ረገመችው። እዩዋት ብቻ፣ አንድ ነገር ባታደርገው!"

"ኧረ ይተዉ ጋሼ፣ ለወፍ ብላ ሰው ትረግማለች?" አልኩት። አልኩት እንጂ ከዚያ በኋላ ታደሰ አሰብ በወረደ ቁጥር እንቅልፍ አልነበረኝም። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ።

ያቺ ረቡዕ ደረሰች። ገና ከማለዳው ንፋስ የሚባል ጠፍቷል። ማሽላው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቅጠሉ አይነቃነቅም። ልብስ ላሰጣ ብወጣ የካምላ ሩዝ ድንጋዩ ላይ እንዳለ ደርቋል። አንድም ቁራ አልመጣም። በየቀኑ የሚናጠቁበት ሩዝ ሳይነካ ሳየው ደስ አላለኝም። አማተብኩና ገባሁ።

ታደሰ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። ከመኪናው ሲወርድ ዐይኑ ቀልቷል። ግንባሩን ብነካው ይፋጃል።

"የመንገዱ ፀሐይ ነው። ትንሽ ልቅመስና እተኛለሁ" አለኝ።

"እዚሁ ተኛ፣ እኔ አመጣልሃለሁ" አልኩት።

"ኧረ ባክሽ፣ አላረገዝኩ!" ብሎ እየሣቀ ወደ ህንዱ ቤት ሄደ። ደኅና ሆኖ ያየሁት የመጨረሻው ጊዜ ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ብልጭ አለብኝ። ሟርተኛ ብዬ ራሴን ሰደብኩ።

ብዙም አልቆየ፣ ከአጥሩ ማዶ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ። ቀጥሎ የሐጂ ኑርዬ ድምፅ መጣ። "አስካለ! አስካለ ድረሺ! ያ አላህ!"

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ታደሰ መሬት ላይ ነው። ዐይኑ ነጩ ብቻ ይታያል። ጥርሱን ነክሷል፣ ከአፉ አረፋ ይወጣል፣ እግሩ ጠረጴዛውን እየመታ ይንፈራገጣል። ካምላ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ወንዶች ተሸክመው እኛ ግቢ ማንጎው ሥር አስተኙት። ሐጂ በቅሏቸውን ለአንድ ሰው ሰጥተው "ድሬሰሩን ከገባበት ፈልገህ አምጣው!" አሉ። ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ መርፌ ወጊ፣ ወደ ገጠር ወጥቷል። ራምም የለም፤ ምስር ሊገዛ ደብረ ሲና ሄዷል። ካምላ ብቻዋን ናት።

ጋሼ ደምሰው ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ወንድሙን አየ። "ምን በላ?" አለ።

"ሩዝ ነው" አለ አንዱ። "ሦስት አራቴ እንኳ አልጎረሰ።"

"መርዛዋለች!"

ቃሏ አንዲት ናት፤ ግን ላምባ ላይ እንደወደቀ ክብሪት ነበረች። እዚያ ሲበሉ የነበሩት ሁሉ ጣታቸውን ጉሮሯቸው ውስጥ ከተቱ። አንዱ አስታወከ፤ ሌላው እሱን አይቶ አስታወከ። መንገድ ላይ የነበረው ገበያተኛ ሲያስታውኩ እያየ "ሰዉን ሁሉ ፈጀችው!" ብሎ ጮኸ። ምን ልበላችሁ፣ ትናንት ሻይዋን እየጠጡ "እጅሽ ይባረክ" ሲሏት የነበሩ ሰዎች በሯ ላይ ድንጋይ ይዘው ቆሙ።

ጋሼ ደምሰው ወደ ህንዱ ቤት ሮጠ፤ እኔም ባሌን ለሴቶቹ ትቼ ተከተልኩት። የታደሰን ሳህን ከነሩዙ ከጠረጴዛው አንሥቶ በሯ ላይ በቆመችው ካምላ ፊት ደገነው። "ንጹሕ ከሆንሽ ቅመሺ!" አለ።

በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር ነው። የሰጠ ይቀምሳል፤ የማይቀምስ ያወቀውን ያውቃል። ካምላ ግን ወደ ኋላ አለች። ሮጣ ከድስቱ ጨለፈችና ወደ አፏ ልታደርግ ስትል እጇን መታው። "ድስቱን ማን አለሽ! ይህን ነው፣ ይህን! ወንድሜ የበላበትን!"

እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። "አይሆንም" አለች። "አይሆንም።"

"አያችሁ! አያችሁ!" ሰዉ ተናወጠ።

በዚህ ጊዜ ካምላ በሰዉ መሃል እኔን ፈልጋ አገኘችኝ። ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። "አስካሊ" አለች። "አስካሊ ይበላል። ሚስት ብቻ።"

ጋሼ ደምሰው በቀስታ፣ የሚያስፈራ ቀስታ፣ "ሰማችሁ?" አለ። "ባልየው አልበቃትም። ሚስቲቱንም ልትደግም ነው።"

ሴቶቹ እሪ አሉ። "ላምባ አምጡ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ካምላን ገፍተው ወደ ቤቱ ጣሏትና በሩን ከውጭ ቀረቀሩት። ክዳኑ ሣር፣ ጊዜው ደረቅ፤ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ላምባ የያዘ ቆርቆሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አየሁ።

ሐጂ ኑርዬ በሩ ፊት ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። "ያ ጀመዓ! ወላሂ እኔም ከዚያው ድስት በልቻለሁ፤ ይኸው ቆሜያለሁ! ሐኪሙ እስኪመጣ ታገሡ፤ የሰው ነፍስ ነው፣ ሐራም ነው!"

"የእርስዎ ሳህን ሌላ ነው ሐጂ" አለ ጋሼ ደምሰው። "ሽማግሌ ነዎት፣ እጄን አላነሣብዎትም። ዘወር ይበሉ።" ሁለት ጎረምሶች በክብር ብብታቸውን ይዘው ወደ ጎን አደረጓቸው።

አልዋሻችሁም፣ እኔም ልቤ ተከፍሏል። ቁራው፣ ያ ያልገባን ቃል፣ ሳይነካ የደረቀው ሩዝ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ባሌ እዚያ እየሞተ ነው። ብታደርገውስ? ታዲያ ያ "ሚስት ብቻ" ያለችው ቃል ጆሮዬ ውስጥ አልወጣ አለኝ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ! የባሏን ሳህን ይዛ ነው የነገረችኝ። ልትገድለኝ ፈልጋ አይደለም የጠራችኝ። በእሷ ሕግ ያንን ሳህን መንካት የሚችል ሰው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እኔ ብቻ ነኝ። ሞት ደጇ ቆሞ እንኳ የእኔን ትዳር አትነካም።

ይህን ለሰዉ ላስረዳ? በምን አፌ! ማን ይሰማኛል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ የሚመክር ሰው በዚያ ቀን አልነበረም።

ወደ ጋሼ ደምሰው ሄድኩ። "ይስጡኝ" አልኩት።

"ምኑን?"

"ሳህኑን። የባሌ ትራፊ የኔ ነው።"

"አብደሻል? ሁለት ሬሳ ልታስቀብሪኝ ነው?"

ቀማሁት። አዎ፣ ከታላቄ እጅ ነጠቅሁ፤ በሕይወቴ ያደረግሁት የመጀመሪያ ድፍረት ነው። በበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ጀርባዬን ከተቀረቀረው በር ጋር አጣበቅሁ። "ላምባውን የሚያፈስ መጀመሪያ እኔ ላይ ያፍስስ" አልኩና መብላት ጀመርኩ።

ሩዙ ቀዝቅዟል። ጎን ላይ ያቺ የማንጎ ነገር አለች። ጎረስኩ፣ አላመጥኩ፣ ዋጥኩ። እንደገና ጎረስኩ። የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የእኔ ማላመጥ ብቻ ይሰማ ነበር። ሳህኑን በጣቴ ጠርጌ ጨረስኩና ገልብጬ አሳየኋቸው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ።

ሞትን ቁጭ ብላችሁ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? እግዜር አያሳያችሁ። ሆዴ ጮኸ፤ መርዙ ነው አልኩ። ምላሴ ተቃጠለ፤ መርዙ ነው አልኩ፤ የማንጎው በርበሬ መሆኑን ረስቼ። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ሰዉ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። "ፊቷ ጠቆረ" ይላል አንዱ። "ከንፈሯን እዩት" ይላል ሌላው። አንዲት ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ "ወይኔ አስካለ፣ ወይኔ ልጅነትሽ" እያለች ማልቀስ ጀመረች።

"ዝም በይ!" አልኳት። "ሙሾሽን አቆዪው፣ ገና አልሞትኩም!" አንዳንዱ ሊሥቅ ፈለገና ፈራ።

የባሰው ሌላ ነው። ከአጥሩ ማዶ ባሌ ሲያቃስት እሰማለሁ። ብነሣ ቤቱ ይቃጠላል። ካልተነሣሁ ባሌ ሳላየው ይሞታል። አንድ ጊዜ ልነሣ ጉልበቴን አጠፍኩ። ያኔ ከበሩ ሥር በክፍተቱ ጣቶች ወጡ። ቢጫ የነካቸው፣ እርድ የነካቸው ጣቶች። የቀሚሴን ጫፍ ያዙ። አልጎተቱኝም፤ ያዙኝ ብቻ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ጥቂት ቆይቶ የታደሰ ማቃሰት ቆመ። ከግቢያችን አንዲት ሴት "ዝም አለ! ዝም አለ!" ብላ ጮኸች። ልቤ ተሰነጠቀ። ጋሼ ደምሰው ፊቱ አመድ መሰለ። "ወንድሜ ሞተ" አለ። ክብሪቱን ከኪሱ አወጣ። "ተነሺ አስካለ።"

"አልነሣም።"

"ተነሺ ብዬሻለሁ! ባልሽን ገድላው ለእሷ ትሞቻለሽ?"

"እኔም በልቻለሁ" አልኩት፤ እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ። "የገደለው ይህ ከሆነ እኔም እሞታለሁ፤ ያኔ ያቃጥሉ። እስከዚያ ግን ይጠብቁኛል። የእኔን ሞት ሳያዩ አይጫሩም።"

ክብሪቷን እንደያዘ ቆመ። ይጫረው አይጫረው ያመነታል። ዐይኔን ጨፍኜ እመብርሃንን ጠራሁ።

የበቅሎ ኮቴ የሰማሁት ያኔ ነው።

ድሬሰሩ ከበቅሎው ሳይወርድ "የታለ በሽተኛው?" አለ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ግቢ ጎረፈ፤ ጋሼ ደምሰውም ሄደ። እኔ ግን ከበሩ አልተነሣሁም። ከአጥሩ ማዶ ድምፁን እሰማለሁ። "መቼ ነው የጀመረው? ትኩሳት ነበረው? ከየት ነው የመጣው?" አንዱ "ከአሰብ፣ በበረሃው" ሲል ሰማሁ። ከዚያ ድሬሰሩ ሁላችንም እንድንሰማው አድርጎ ተቆጣ። "መርዝ ያለው ማነው? ወባ ነው! ጭንቅላቱ ላይ የወጣ ወባ! ሰውየው በሕይወት አለ፣ እናንተ ግን አየር ነሥታችሁ ልትገድሉት ነው፤ ዞር በሉ!"

በሕይወት አለ። ይህን ስሰማ ያ የበላሁት ሩዝ ሁሉ ተመልሶ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

መቀርቀሪያውን የከፈቱት ሐጂ ኑርዬ ናቸው። ካምላ በደፉ ላይ ተንበርክካለች። አልተቃቀፍንም። እኔ ወደ ባሌ ሮጥኩ። ዘወር ስል መንገዱ ላይ ያ ሁሉ ሰው የለም፤ መሬት የዋጠችው ይመስል ጠፍቷል። ከላምባው ቆርቆሮ በቀር ምንም አልቀረም።

ታደሰን መርፌ ወግተው በራሱ ካሚዮን፣ ሌላ ሹፌር ይዞት፣ ጣርማ በርን አሻግረው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አደረሱልኝ። ብዙ ሰነበተ፤ ተረፈ። አንድ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማ አለው። "ያንቺን ንዝንዝ የምሰማበትን ነው ወባው የወሰደው" እያለ እስኪሞት ቀልዶብኛል።

ቁራዎቹስ? ለካ ያን ቀን ከወንዙ ማዶ የሞተ ግመል ላይ ነበሩ። ግመል እያለ ሩዝ ማን ይበላል!

ራም ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ጠየቀን። ቁራው የሞተ ጠዋት ካምላ ያለችውን ጠየቅሁት፤ አንጀቴ ውስጥ የቀረ ነገር ነበራ። እሱም ነገረኝ። የካምላ እናት ሞታ ነበር። በእነሱ እምነት የሙታን ድርሻ የሚደርሳቸው በቁራ ነው፤ ካምላ ያቺን ጭብጥ ሩዝ የምታስቀምጠው ለእናቷ ነበር። ታደሰን እያየች ለእናቷና ለሙታኑ ያለችውም "ሳያውቅ ነውና አትቁጠሩበት" ነው። ታደሰ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከጋሼ ደምሰው አፍ ይቅርታ አልወጣም። ያ ዓይነት ሰው አልነበረም። ብቻ አንድ ቀን መሰላል አቁሞ የህንዱን ቤት ክዳን ሣሩን እየነቀለ ቆርቆሮ ሲያለብስ አየነው።

ከሆስፒታል በተመለስን ማግሥት ካምላ በአጥሩ በኩል መጣች። በወተት የፈላ ሻይ በማንቆርቆሪያ ይዛለች። ታደሰ ተኝቷል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ለእኔ ቀዳች። ከዚያ ብርጭቆውን ሳትሰጠኝ ቆም አለች። የግራ መዳፏን ዘረጋች፣ ከእኔ ብርጭቆ ጠብ አደረገችበት፣ ወደ አፏ አነሣችው። ያስገደዳት የለም፣ የሚያያት የለም። የእኛን ደንብ ልትፈጽምልኝ ነው፤ የራሷን ጥሳ።

ሳይደርስ እጇን ያዝኩት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፌ መዳፏን ዘጋሁት። ሻዩ በጣቶቿ መሃል ወደ ክንዴ ወረደ፤ ትኩስ ነበር።

"ተይው" አልኳት። "ያንቺን ቤት ምግብ እኔ ቀምሼዋለሁ።"

የገባት እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሻዩም ቀዘቀዘ። ኋላ ለውጡ ሲመጣ ወደ አገራቸው ገቡ፤ ዳግም አልተገናኘንም።

ዛሬም ጥቅምት ሲገባና ንፋሱ ሲጠፋ ያች በር ጀርባዬ ላይ ትሰማኛለች። ሰው "መርዙን ሳትፈሪ እንዴት በላሽው?" ይለኛል። ኧረ ፈርቻለሁ! ግን እስካሁን የሚያባንነኝ ሩዙ አይደለም። የሚያባንነኝ ከእጇ የበላ ሰው ላምባ ለማምጣት እንዴት እንደቸኮለ ነው። አንዲት ሴት ቤቷ ጠርታኝ ሳትቀምስ የሰጠችኝ እንደሆነ ደግሞ ልጆቼ ይቆጣሉ፤ ደንብ አታውቅም ይላሉ። እኔ ግን ተቀብዬ እጠጣለሁ።